ጨረቃዋን ተዪያት

በወልድያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ነበር። ሰብሳቢው ዓለምነህ አንዲት ቀጭን የግጥም መድብል ካሳተመ ወዲህ ብዕር ያልጨበጠ፣ በጠራራ ፀሐይም ሻርፕ ከአንገቱ የማይለይ ሰው ነው። ለጀማሪዎች የሚሰጠው ምክር አንድ ብቻ ነበር፤ «ስሜቱ እስኪመጣ ጠብቁ! ደራሲ ይወለዳል እንጂ አይሠራም!» ማንም ምንም ቢያነብ «ግሩም ነው!» ይላል። አባላቱም ግሩም ተብለው ይወጣሉ፤ ግሩም እንደሆኑ ተመልሰው ይመጣሉ። በመካከሉ የሚጽፍ የለም።

እታፈራሁ ግን ከልቧ ታምነው ነበር። መርሳ ውስጥ በአንድ ፎቶኮፒ ቤት የሰው ማመልከቻ ስትተይብ ትሰነብትና ቅዳሜ በሚኒባስ ወልድያ ትወጣለች። ጦርነቱ ገና ከሰሜን በወሬ ብቻ በሚሰማበት በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ጨረቃ ሥር ስለምታለቅስ ልጃገረድ የጻፈችውን አነበበች። ተጨበጨበላት። «ግሩም!» አለ ዓለምነህ ዓይኑን ጨፍኖ።

በሩ ላይ አንድ የማታውቀው ወጣት ጠበቃት።

«ጥሩ ታነቢያለሽ።»

«አመሰግናለሁ።»

«የጻፍሽው ግን ውሸት ነው። ያ ሁሉ ጨረቃ፣ ሰው ግን የለበትም። ጨረቃዋን ተዪያት።»

እታፈራሁ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። የኮቱን እጅጌ ጠመኔ ነክቶታል። «አንተ ደግሞ ማነህ? ምን ጽፈህ ታውቃለህ?»

«ሚኪኤል እባላለሁ፤ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ብዙ ጽፌ ብዙ ቀድጃለሁ።»

«መጻፍ ያቃተው ሁሉ ሐያሲ ይሆናል» አለችውና ጥላው ሄደች።

ሚኒባሱ ሲሪንቃን ሲያልፍ ወረቀቱን አውጥታ አየችው። ያቺ ልጃገረድ የማን ልጅ ናት? ምን ሆና ታለቅሳለች? እሷም አታውቅም። ሰውየው ልክ መሆኑ ከስድቡ በላይ አናደዳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ የፈለገችው እሱን ነበር። መናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ ጠጡ።

«እንዴት ልጻፍ ታዲያ?»

«ጠዋት፣ ሥራ ሳትገቢ ተቀመጪ። ትናንት በዓይንሽ ያየሽውን አንድ ነገር ጻፊ።»

«ስሜቱ ካልመጣስ?»

«ስሜት ሰዓት አያከብርም። አንቺ አክብሪ። ስትጨርሺ ደግሞ ለማያደንቅሽ ሰው ጮክ ብለሽ አንብቢ።»

መርሳ ውስጥ የማያደንቃት ሰው ማግኘት አላስቸገራትም። ጎረቤቷ እሜቴ ሀጂራ ሽንኩርት እየላጡ አዳመጧትና፣ «ማሻአላህ፣ ልጄ! ግን ሰውዬው መቼ ነው የሚመጣው? ዝናቡንስ ሰማን እኮ!» አሏት። ዝናቡን ሰረዘችው።

ሳምንት አለፈ፤ ወርም አለፈ። ሚኪኤል የጻፈችውን በእርሳስ እየሰረዘ ያነባል። ደስ ያለው ቦታ ሲደርስ ግን ምንም አይልም፤ እርሳሱ ብቻ ይቆማል። ያኔ ቀና ብሎ ያያታል፤ እሷ ወደ ሻይ ብርጭቆዋ ታቀረቅራለች። ከዓለምነህ ጭብጨባ ሁሉ ያ ዝምታ በለጠባት። አንድ ቀን እጇን ያዘ፤ አልነጠቀችውም።

በክረምቱ ጦርነቱ ወደ ወልድያ ወረደ። ወልድያ ተወልዶ ያደገውን ሚኪኤልን ሰዎች የአባቱን አገር ይጠይቁት ጀመር። አባቱ ተክለብርሃንና እናቱ ኣብርሀት ከትግራይ መጥተው እዚያው ጎጆ የወጡ ነጋዴዎች መሆናቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የሚጠየቀው ለማወቅ አልነበረም። ነሐሴ ላይ ወልድያም መርሳም በትግራይ ታጣቂዎች እጅ ገቡ። ስልክ ጠፋ፤ መኪና ቆመ።

መስከረም ላይ ሚኪኤል ደህንነቷን ለማወቅ በእግሩ መርሳ ገባ። ቤታቸው ሲደርስ ግቢው ውስጥ ታጣቂዎች የእታፈራሁን አባት፣ አቶ ፈንታውን፣ «መሣሪያ ደብቀሃል» ብለው አንበርክከዋቸዋል። ሚኪኤል በትግርኛ እየተናገረ መሐል ገባ። «ሽማግሌ ናቸው፤ ምንም የላቸውም» ነበር ያለው። አንዱ «ከሃዲ!» ብሎ በሰደፍ መንጋጋውን መታው። መሬት ወደቀ፤ ተነሥቶም መለመኑን አልተወም። በመጨረሻ እህሉን ጭነው፣ ሽማግሌውን ትተው ወጡ።

አቶ ፈንታው ጉልበታቸውን አራገፉ። ፈርተው መታየታቸው አንገብግቧቸዋል።

«ቋንቋቸው እንዴት ይቀናሃል! ያንተው ሰዎች ናቸው። ውጣ ከደጄ!»

ሚኪኤል ደሙን በእጁ ይዞ ወደ እታፈራሁ ዞረ። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። እሷ ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ወጥቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ተቀመጠች። ስሜት አልነበራትም፤ እፍረት ብቻ ነበራት። የአባቷን ጉልበት፣ ሰደፉን፣ ትግርኛውን፣ ሁሉንም እንዳየችው ጻፈች። ለእሜቴ ሀጂራ አነበበችላቸው።

«አንቺስ ምን አልሽው?» አሉ እሜቴ።

«ምንም።»

«እሱንም ጻፊው እንግዲህ።»

ያን መጻፍ ከሁሉ ከበዳት። ጻፈች፤ ቀደደች፤ እንደገና ጻፈች።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ለቀው ወጡ። የጦርነቱን ወራት አዲስ አበባ ያሳለፈው ዓለምነህ ሻርፑን ጠምጥሞ ተመለሰና ማኅበሩን ጠራ። ያላየውን ደም በግጥም አፈሰሰ፤ ማሰሪያው ላይም እንደ ሚኪኤል ያሉትን ጎረቤቶች «በእቅፋችን ያሳደግናቸው እባቦች» አላቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

እታፈራሁ ተነሥታ የራሷን አነበበች። የሚያጨበጭብ ጠፋ። ከኋላ አንዱ «የማን ወገን ናት?» አለ።

ዓለምነህ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኅታችን፣ ይህ ወቅቱን ያላገናዘበ ነው። ጥበብም የለውም።»

«እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ስሜት ሲጠብቁ ኖሩ» አለችው። «የመጣልዎት ይሄ ነው?»

መልሱን ሳትሰማ ወጣች።

ማታ ለአባቷ አነበበችላቸው። አቶ ፈንታው አፍንጫቸውን ነፉ። «ለዚህ ነው ወረቀት የምትፈጂው?» አሉ።  ቆይተው፣ «እስቲ ድገሚው» አሉ። ደገመችው። ሲነጋ ጋቢያቸውን ለበሱ።

«የዚያን ልጅ ቤት ታውቂዋለሽ?»

ወልድያ ደርሰው ሲያንኳኩ ወይዘሮ ኣብርሀት በሩን ገርበብ አድርገው አዩዋቸው። የዓለምነህ ግጥም ከተጨበጨበለት ከትናንት ጀምሮ በሩ ለማንም በደንብ አልተከፈተም።

«እሜቴ፣» አሉ አቶ ፈንታው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ልጅዎ ነፍሴን አተረፈ፤ እኔ እንደ ውሻ አባረርኩት። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ይቅርታ በደጅ አይጠየቅም» አሉ ወይዘሮ ኣብርሀት። «ይግቡ።»

ሚኪኤል ከውስጥ ነበር። መንጋጋው ላይ ጠባሳ ቀርቷል። እታፈራሁ ፊቱ ቆመች፤ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«ያን ቀን ዝም አልኩህ» አለችው።

«አዎ።»

«ፈርቼ ነው። አባቴንም ሰዉንም ፈርቼ።»

«በሰው ሁሉ ፊት ያነበብሽውን ሰምቻለሁ» አለ። «የነገሩኝ እየሰደቡሽ ነው። አሁንም ትፈሪያለሽ?»

«እፈራለሁ።»

«እኔም» አለና አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት።

ጠመንጃው ዝም ባለ በጥቂት ወራት ውስጥ ወልድያ ተጋቡ። አቶ ፈንታው ዘመዱን ሁሉ ጠርተው ነበር። ግማሹ «የእነሱን ልጅ አገባች» ብሎ ቀረ። ዳሱ ውስጥ ወንበሮች ባዶ ሆኑ። አስተናጋጁ ተጨንቆ ምን እንደሚያደርግ ጠየቃቸው።

አቶ ፈንታው ባዶዎቹን ወንበሮች ገረመሟቸው።

«አንሣቸው» አሉ። «መጨፈሪያው ይስፋልን።»