ያልጮኸው ሽቦ

ሟቹ የተገኘው ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በጎኑ ወድቆ ነበር። በግራ እጁ አንጓ ላይ ያለው ማሰሪያ አልተፈታም፤ ከማሰሪያው የወጣው ቀጭን ሽቦ በጠረጴዛው ጠርዝ ካለው መዳብ ጋር እንደተያያዘ ነው። በቀኝ መዳፉ ላይ ጠቆር ያለች ትንሽ ቃጠሎ ነበረች። አንገቷ ብረት የሆነ የጠረጴዛ መብራትም አጠገቡ ተጋድማለች። ሐኪሙ «ኮረንቲ ነው» ብሎ ሄደ።

ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ደግ ነበር። ግን ሰው በድንገት ሲሞት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያኮረፈው ነው። የኮምፒውተር መጠገኛ ቤቱ ሸሪክ ሳምንቱን ሙሉ ከሟቹ ጋር ሲነታረክ ጎረቤት ሰምቷል። ሸሪኩ ደግሞ የሟቹ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። ይዘው ጣቢያ አስገቡት። ምስኪኗ ሴት ባሏን በቀበረች ማግስት ወንድሟንም ልታጣ ሆነ።

ጉዳዩን የያዘችውን መርማሪ እረፍት የነሷት የሟቹ አባት ናቸው። ሰፈሩ «አባ መብራት» የሚላቸው ጡረተኛ የቤት ኤሌክትሪሺያን፤ ያለ እሱ ልጅ አልነበራቸውም። ቢሮዋ ድረስ መጥተው፣ ተቀመጡ ስትላቸው እንደቆሙ፣

«ስሚኝ ልጄ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ከኮረንቲ ጋር ኖሬያለሁ። ሰው ካልነካካው ሰው አይገድልም። የነካካውን ሰው አምጪልኝ» አሏት።

«የነካካው ባይኖርስ አባባ?»

«አለ። ያ የምራቴ ወንድም ነው። አንቺ ማስረጃውን ብቻ አግኚ።»

መርማሪዋ ኮምፒውተር እምቢ ሲላት በጥፊ የምትመታ ሴት ናት፤ ስለ ዕቃው የምታውቀው ነገር የለም። በአለማወቋ ግን አታፍርም፣ እንዲያውም እንጀራዋ እሱ ነው። ሸሪኩን ከጣቢያ አስመጥታ መጠገኛ ቤቱ ውስጥ እንደ ሕፃን ትጠይቀው ጀመር።

«ይቺ ማሰሪያ ምን ትሠራለች?»

«ገላችን ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ምንጣፍ ላይ ስንራመድ፣ ሹራብ ስናወልቅ። እኛን አይሰማንም፤ የኮምፒውተሩን ሚሞሪ ግን ድራሹን ያጠፋዋል። ማሰሪያዋ ያጠራቀምነውን በዚህ መዳብ በኩል ወደ መሬት ትሸኝልናለች።»

«ጠባችሁስ?»

ሸሪኩ አቀረቀረ። «አዲስ ሚሞሪ እንገጥማለን፣ ወዲያው ይሞታል። ‹የምታቃጥለው አንተ ነህ› አልኩት። እሱን። ጥንቁቁ ነበር የምንለው እኮ። ሚሞሪ በጠርዙ እንጂ ሆዱን ነክቶ አያውቅም። ሊገጥመው ሲል ካልሆነ ከሚከላከልለት ከረጢት አያወጣውም።»

መርማሪዋ ዘወር ብላ የመስታወት መደርደሪያውን አየች። ሚሞሪዎቹ ራቁታቸውን ለደንበኛ ተደርድረዋል፤ ብርማ ከረጢቶቻቸው ከሥራቸው ተነጥፈዋል። ከበሩ እስከ መደርደሪያው ወፍራም ምንጣፍ አለ።

«እነዚህን ማን አወጣቸው?»

«እኔ። እንዲያምሩ ብዬ። በባዶ እጄ። እሱ ከሞተ በኋላ ነው የገባኝ። አፌን ሞልቼ የከሰስኩት በራሴ ጥፋት ነው።» እንባው መጣ፤ አልጠረገውም።

«መብራቷስ? ከዚህ በፊት ትነዝር ነበር?»

«ሁላችንንም። ‹እንደምን አደራችሁ አለችን› እያልን እንስቅ ነበር።»

«ታዲያ እናንተን ቆንጥጣ የተወች እሱን ለምን ገደለችው?»

ሸሪኩ ከመሳቢያ ሌላ ማሰሪያ አወጣና ሽቦዋን ፈልቅቆ አሳያት፤ ውስጧ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር አለች። «ሬዚስተር ነው። ኮረንቲ ድንገት ቢመጣብን እሱ አንቆ ይይዝልናል፤ የሚያልፈው ኢምንት ነው፤ የሽቦ መፈተሻው ቴስተር እንኳ አይጮህለትም።» የሟቹን ሽቦ ሲፈለቅቁ ሬዚስተሩ የለም። በቦታው ወፍራም መዳብ ተቀጥሎ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። አጠቃለሉ ያምራል። የናስትሮው ጫፍም ወደ ውስጥ ታጥፏል።

«ይሄ የእኛ እጅ አይደለም» አለ ሸሪኩ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

መርማሪዋ ሚስቲቱን ቤቷ ሄዳ አገኘቻት። «ከመሞቱ በፊት ባለው እሁድ አባቱ ጋ ነበር» አለች ሚስቲቱ። «ዕቃው ለምን እንደሚቃጠልበት ግራ ገብቶት ሊያማክራቸው ሄደ። የሥራ ቦርሳውንም ይዞ ነበር።»

መርማሪዋ ከዚያ ወደ አባ መብራት ቤት አመራች። የካውያቸው ገመድ አንድ ቦታ ላይ በናስትሮ ተጠግኗል፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

«ይሄ ጫፉ ለምን ይታጠፋል አባባ?»

«ነገ ለሚፈታው ሰው እንዲመች። የዛሬ ልጆች ዝም ብለው ይለጥፉታል።» ፊታቸው ከልጃቸው ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ አለ።

መርማሪዋ ዝም ብትል ሸሪኩ ባልሠራው ወንጀል እስር ቤት ይበሰብሳል። ብትናገር እኚህን ሽማግሌ በቁማቸው መግደል ነው። ውሃ ለምና ጠጣች፤ ውሃ ግን አልጠማትም ነበር።

በማግስቱ አባ መብራትንና ምራታቸውን መጠገኛ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሸሪኩ ከፖሊስ ጋር በሩ ሥር ቆመ።

«አንዱ ስህተት ብቻውን ቢሆን አይገድለውም ነበር» ብላ ጀመረች። «ሚሞሪዎቹን ያቃጠላቸው ሸሪኩ ነው፤ ሟቹ ግን ማሰሪያዬ ሰንፎ ይሆናል ብሎ ተጨነቀ። መብራቷ እንደምትነዝር ሁሉም ያውቃል፣ ያሠራት የለም። ያን ቀን በቀኝ እጁ አንገቷን ያዘ፤ ግራ እጁ ከመሬት ጋር ታስሯል። ሬዚስተሩ ቢኖር ቆንጠጥ አድርጋው ትለቀው ነበር። ሬዚስተሩ ወጥቶ ደህና መዳብ ስለገባ፣ ኮረንቲው ደረቱን አቋርጦ አለፈ።»

«ማን አወጣው?» አባ መብራት ዓይናቸውን ሸሪኩ ላይ ተከሉ። «ይሄ ነው አይደል?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ማን ነው? ተናገሪ እንጂ።»

መርማሪዋ ሽቦውን መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። «ሬዚስተር ያለበት ሽቦ፣ ደህና ቢሆንም፣ ቴስተር ሲነካው አይጮህም አባባ» አለች ቀስ ብላ። «የቤት መስመር የለመደ ሰው ተበጥሷል ነው የሚለው።»

የሽማግሌው አውራ ጣት ናስትሮው ላይ ሄደ። የታጠፈችው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አልጮኸም» አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነ። «ደጋግሜ ሞከርኩት፣ አልጮኸም። ለካ ውስጡ ተበጥሶ ነው ልጄ ዕቃ የሚያቃጥለው አልኩ። እሱ ጎረቤት ሰላም ሊል ወጣ ሲል ቆርጬ ቀጠልኩለት። ከዚያ ጮኸ። ደስ አለኝ።»

«ሆን ብለው አይደለም፣ ሕጉም ቢሆን...»

«ሕጉን ተይው።» ወደ ሸሪኩ ዞሩ። «ፍቱት ይሄን ልጅ። ይቅር በለኝ።»

«እኔን ይቅር ይበሉኝ አባባ» አለ ሸሪኩ።

ሽማግሌው ወደ ምራታቸው ቀና ለማለት ፈሩ። «አንቺንስ በምን ዓይኔ ልይሽ?»

ሚስቲቱ፣ «አባባ፣ በሞተበት ቀን ጠዋት ሽቦውን አይቶታል» አለች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ናስትሮውን ሲያይ ሳቀ። ‹ሽማግሌው ነካክቶልኛል፣ እንዲህ እኮ አይሆንም› አለ። እኔ ይህን ያህል ነገር መሆኑን የት አውቄ? ካልሆነ ተወዋ አልኩት። ‹ዛሬን ልሥራበት፣ ነገ አስተካክለዋለሁ። ማታ ሲጠይቀኝ ልዋሸው አልፈልግም› አለኝ።»

አባ መብራት ሽቦውን እንደያዙ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ማታ ደውዬለት ነበር» አሉ። «ሠራህበት ወይ ልለው። አላነሳልኝም።»

ምራታቸው አጠገባቸው ቁጭ አለችና እጃቸውን ያዘች።