ሁለተኛው ቅጂ

ትናንት ያስቀመጣችሁት ፋይል ዛሬም ያው ፋይል መሆኑን ማን አረጋገጠላችሁ? ማንም። ምንታምር ይህንኑ በደሴው ሬዲዮ ጣቢያ ስብሰባ ላይ ስትጠይቅ ባልደረቦቿ ሳቁ። የጣቢያውን የድምፅ ማኅደር የምትጠብቀው እሷ ስለሆነች፣ ሳቁን ከቁብ ሳትቆጥር ቀጠለች። ፋይል ሲስተም ማለት ፋይል ዲስክ ላይ የሚቀመጥበት ሥርዓት ነው። የድሮው፣ ኢኤክስቲ ፎር፣ ፈጣንና ታዛዥ ቢሆንም የተበላሸውን ቀረጻ ሳይመረምር ያስረክባል። ለቤት ኮምፒውተር ቢቲአርኤፍኤስ የሚባለው አዲሱ ሥርዓት ይበቃል። ማኅደሩን ለያዘው ትልቅ ኮምፒውተር፣ ለሰርቨሩ፣ ግን ዜድኤፍኤስ የሚባለው ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ይመረምራል፣ የተበላሸውን ከሁለተኛው ዲስክ ጤነኛ ቅጂ ይጠግናል። ጤነኛ ቅጂ ካላገኘም አጣሁ ይላል እንጂ አይዋሽም።

«የድሮው ስንት ዓመት አገለገለን፤ ምን አጎደለ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ አቶ ጥጋቡ።

«ያጎደለውን አያውቅማ። ችግሩ እሱ ነው።»

«ይቺ ልጅ ዲስክ አግብታለች» አሉና ፈቀዱላት።

አዲሶቹን ዲስኮች የገጠመችው ጋሽ ደምለው በሞቱበት ቀን ነበር። ጋሽ ደምለው የከተማውን የሞት ማስታወቂያ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን ሰምቶ ሥራውን የማያቆም አልነበረም። የቀረጻ ክፍሉ በር አርጅቶ ራሱን ስለሚከፍት፣ የሚወጣው ሰው ከውጭ ይሸጉረዋል፤ አንባቢው ሲጨርስ ያንኳኳል። ያን ቀን ምንታምር ቀረጻውን አስጀምራላቸው፣ ከክፍሉ ሥር ወዳለው ምድር ቤት ወረደች። የሞቀ አቧራና የእርጥብ ግድግዳ ሽታ በሚያፍነው ጨለማ ውስጥ፣ ከማራገቢያዎቹ ጩኸት በላይ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማች። ሊሞት የደረሰ ዲስክ እንደሚያንኳኳ ታውቃለች። አሮጌው ዲስክ ሳያመልጣት ፋይሎቹን ለማዳን እየተጣደፈች ሳለ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ወደ ላይ ስትወጣ ጋሽ ደምለው በሩ ሥር ወድቀው ነበር። ልብ ነው ተባለ። አቶ ጥጋቡም ለሚስታቸው «ሳይሰቃዩ፣ በተቀመጡበት ነው ያረፉት» አሏቸው።

በተቀመጡበት። ይህች ቃል ምንታምርን አንገበገበቻት።

በመጀመሪያው ፍተሻ ሰርቨሩ አንድ ፋይል ተበላሽቶ አግኝቶ ጠገነ፤ የጋሽ ደምለው የመጨረሻ ቀረጻ ነበር። ኮራች። በሚቀጥለው ፍተሻም ያው ፋይል ተጠገነ። ከፍታ ስታዳምጠው፣ ከማስታወቂያው በኋላ ጸጥታ ብቻ የነበረበት ቦታ ላይ እንጨት በጥፍር የሚፋቅ የመሰለ ድምፅ አለ። ከዚያ ወዲህ በተጠገነ ቁጥር ጸጥታው እየጠበበ፣ መፋቁ ወደ ማይክሮፎኑ እየቀረበ፣ በመካከሉም የሰው ትንፋሽ የሚመስል ነገር እየተሰማ መጣ። አሮጌውን ዲስክ አውጥታ ብትመረምረው እንከን አልተገኘበትም። ለምን እንዳንኳኳ ግን ቆም ብላ አላሰበችም፤ ንዴቷ በአቶ ጥጋቡ ውሸት ላይ ነበር።

ከሁለቱ አዲስ ዲስኮች አንዱን ነቀለች። አሁን የሚጠገንበት ቅጂ የለም፤ ሰርቨሩ አጣሁ ማለት አለበት። ፍተሻው ሲያልቅ ከስክሪኑ ፊት ደርቃ ቀረች። ተጠግኗል ይላል።

ከየትኛው ቅጂ?

«ፋይሉን አጥፊው» አሏት አቶ ጥጋቡ፣ ቀረጻውን ካዳመጡ በኋላ የቢሮውን በር ዘግተው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምን ይደብቃሉ?»

«ተይው ልጄ። ላንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ አይጨነቁ። ይህ ማሽን አይዋሽም። የዋሸው ይጨነቅ።»

በማግስቱ እኩለ ቀን፣ የከተማው ሰው የሞት ማስታወቂያ በሚጠብቅበት ሰዓት፣ ቀረጻ ክፍል ገብታ ማይክሮፎኑን ከፈተች። ድምፅ እንዳያልፍ በተለበደው ግድግዳ መሃል የራሷ ልብ ጆሮዋ ውስጥ ይመታል፤ የአሮጌው ምንጣፍ ሽታ፣ የላብ ሽታ የተቀላቀለበት፣ ክፍሉን ሞልቶታል። «ጋሽ ደምለው በተቀመጡበት አልሞቱም» አለች በቀጥታ ሥርጭት። «በሩን በጥፍራቸው ሲፍቁ ነው የሞቱት። በዚህ ማኅደር ላይ ምዬ እናገራለሁ፤ ከማሰማችሁ አንዲት ቁራጭ እንኳ ማንም ሊበርዛት አይችልም። አቶ ጥጋቡ ሰምተው ይመልሱ።» ፋይሉን አስጀመረች።

ማስታወቂያው አለቀ። መፋቁ መጣ። ከዚያም ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እጇ ከኮምፒውተሩ ማውስ ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ከጭንቅላቷ በላይ፣ በማራገቢያዎቹ መሃል ሰምታዋለች። ከጀርባዋ የክፍሉ በር መሸጎሪያ ከውጭ ቀስ ብሎ ሲገባ ተሰማት። ፋይሉን ለመዝጋት ተጫነች፤ አልዘጋም። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ስም ሳይሳሳቱ ሲያነቡ የኖሩት ሰው፣ በዚያው ባልተቻኮለ ድምፅ ማንበባቸውን ቀጠሉ፦

«በሩን ሸጉረሽብኝ የወረድሽው አንቺ፣ ምንታምር፣ ሳንኳኳ ሰምተሽ የማንን ነፍስ ስታድኚ እንደነበር ሕዝቡ እየሰማ መልሺ።»