ውጭ ያደረው ጋቢ

የየሻረግ ሥራ ከሰማይ ቁልቁል ማየት ነበር። ሲሰሙት ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ፣ በዞኑ ከተማ በአንድ የመሬት መዝገብ ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ ፊት ከጠዋት እስከ ማታ ተጎልቶ፣ ሳተላይት ያነሳውን የገበሬ ማሳ በማውስ ጫፍ ዙሪያውን እየነኩ ማስመር ነው። የአንዱ ማሳ የት አለቀ፣ የሌላው የት ጀመረ፣ ቁጥቋጦው በየትኛው በኩል ቀረ፤ ነክቶ፣ ነክቶ፣ ዘግቶ ወደሚቀጥለው። በቀን መቶ ሃያ ማሳ ይጠበቅባታል። እንዲህ ስትል ስድስት ዓመት ሞላት። ተኝታ እንኳ አረንጓዴና ቡናማ ቁርጥራጭ መሬት በጨፈነ ዓይኗ ውስጥ ይንሸራተትባታል፤ ጠዋት ስትነሳ ያረፈች ሳይሆን ሌላ ፈረቃ የጨረሰች ያህል ይሰማታል።

ክፍሉ የጋለ አቧራና የማተሚያ ቀለም ይሸታል፤ በክረምት ደግሞ በየወንበሩ ላይ የተንጠለጠለው የረጠበ ካፖርት ይጨመርበታል። ምስሉ በደንብ እንዲታይ መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ስለተጋረዱ ቀትርም ቢሆን ጨለማ ነው፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ ስድስት ኮምፒውተሮች ቀኑን ሙሉ ያጓራሉ፣ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጸጥ ይላሉ፣ ያን ጊዜ ሰው የራሱን ትንፋሽ እየሰማ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ይጠብቃል። ማንም አያወራም። ከአጠገቧ የሚቀመጠው ላቀው ብቻ አልፎ አልፎ «እኛ እኮ የሺ፣ ሰው ሳንሆን አሞራ ነን» ይላል፤ እሷም ለመሳቅ ያህል ትስቃለች።

አንድ ቀን ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ የራሷን አገር ፈለገች። መጀመሪያ ማንም በስልኩ የሚከፍተውን ነጻ ካርታ አየችው፤ የአራት ዓመት አሮጌ ምስል ነው። ከዚያ ቢሮው የሚጠቀምበትን፣ በየሳምንቱ አዲስ ምስል የሚገባበትን ድረ ገጽ ከፈተች። ወንዙን ተከትላ ወጣች፣ ገደሉን ተሻገረች፣ አፋፉ ላይ አምባ ጥድን አገኘቻት። የእናቷ ቆርቆሮ ቤት፣ ከጎኑ ግራሩ፣ ደጁ ላይ ያ ልጅ ሆና የተጫወተችበት ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ። አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች። ቤቷን በእግሯ ከረገጠች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር፤ አንድ ቀን ሙሉ አውቶቡስ፣ ከመጨረሻው ፌርማታ ደግሞ የአምስት ሰዓት እግር መንገድ ነው፣ ፈቃድ ደግሞ በዚያ ቢሮ ውስጥ እንደ ጠበል ጠብታ ነው የሚሰጠው።

በዚያው ማታ ደወለች።

«እምዬ፣ ዛሬ ከሰማይ አየሁሽ።»

«በስመ አብ! ምን ሆነሽ ነው ሰማይ የወጣሽ?» አሉ እናቷ፣ ወይዘሮ አንጓች።

«በኮምፒውተር ነው። ጣሪያሽን አየሁት። በግራሩ በኩል ያለው ቆርቆሮ ዝጓል።»

«ይኸን ቁልቁል ከምታዪው መጥተሽ ብታስጠግኚው ምናለ፣ ሻረጌ? መቼ ትመጪያለሽ?»

ይቺ ጥያቄ በየስልኩ አትቀርም ነበር። የሻረግ እንደ ልማዷ «ለበዓሉ» አለች፤ የትኛው በዓል እንደሆነ ግን አልተናገረችም። ይልቅ ሌላ ዘዴ አመጣች። ሳተላይቱ ማክሰኞ ረፋድ ላይ በዚያ ያልፋል፣ ምስሉ ሐሙስ ይገባል። እናቷ በየማክሰኞው፣ በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችላቸውን ነጭ ጋቢ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ያንጥፉ፤ እሷ ነጩን ነጥብ ስታይ ደህና መሆናቸውን ታውቃለች። ወይዘሮ አንጓች በሳቅ ፈረሱ፣ ግን እሺ አሉ። ሦስቱን ጥግ በድንጋይ ይጭኑታል፤ አራተኛው ጥግ ድንጋይ አያስፈልገውም፣ ስልካቸው እንዳይጠፋባቸው እዚያ ተቋጥሮ ነው የሚውለው፣ እሱው ይበቃዋል። ደግሞም ከዚያ ድንጋይ በቀር በግቢው ውስጥ ኔትወርክ የሚይዝ ቦታ የለም።

እንዲህ ሆኖ በጋው አለፈ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከመቶ ሃያው ማሳ በፊት፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ነጭ ነጥብ እያየች «ደህና ናት» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ የመሄዱ ነገር ጨርሶ ከሐሳቧ ወጣ። ክረምት ሲገባ ግን አገሩን ደመና ዋጠው። ሐምሌንም ነሐሴንም ምስሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። መስከረም ላይ ሰማዩ ሲገለጥ ደግሞ ድንጋዩ ባዶ ሆኖ አገኘችው፤ ሳተላይቱ ሰዓቱን ለውጦ በማለዳ ማለፍ ጀምሮ ነበር፣ እናቷ በዚያ ሰዓት ውኃ ይቀዳሉ። የሻረግ ደወለች። ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ሲወጋት ውሏል፣ ራሷን ፈልጧታል።

«እምዬ፣ ሰኞ ማታ አንጥፊውና እዚያው ይደር።»

«ልብስማ ውጭ አይደርም፣ ልጄ። ደግ አይደለም። ማን እንደሚለብሰው አይታወቅም።»

«ኧረ እምዬ ተይ እንግዲህ! ማን ይለብሰዋል በዚያ ገደል አፋፍ? ደክሞኛል፣ አታስጨንቂኝ። እንዳይሽ ነው።»

«እሺ ሻረጌ። እንድታዪኝ ከሆነ ይደር» አሉ።

ሐሙስ ምስሉ ሲገባ ነጩ ነጥብ ነበረ። ግን ድንጋዩ ላይ አልነበረም፤ ከግራሩ ሥር ነው። የሻረግ ስልኩን አነሳች። እናቷ ስልክ ሲያነሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠርቶ እስኪዘጋ፣ «ኧረ የት ነው የሚነካው» እያሉ ነው፤ ዛሬ ግን አንዴ እንኳ በቅጡ ሳይጠራ ተነሳ።

«አየሽኝ?» አለ ድምፁ። የእናቷ ነው፣ ትንሽ ሻከር ብሏል።

«አየሁሽ እምዬ። ጉንፋን ነው እንዴ? ምነው ከግራሩ ሥር አደረግሽው?»

«ከግራሩ ሥር አደረግሁት።»

ከድምፁ ኋላ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ነፋስ ሲያራግበው የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር፤ ጧ፣ ጧ ይላል፣ ከዚያ ያርፋል፣ ደግሞ ይቀጥላል። የሻረግ ድንጋዩ ላይ ነፋስ ይበዛል ብላ ተወችው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው «መቼ ትመጪያለሽ» እንዳልተባለች ያስታወሰችው። አፍራ ነው እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ቀለል አላት።

በሁለተኛው ሐሙስ ነጥቡ ከአጥሩ ውጭ፣ ገደሉ አፍ ላይ ነበር። ቀጥኗል። ከጎኑ ደግሞ ጥላ አለው። እዚህ ላይ የሻረግ እጇ ማውሱን እንደያዘ ቀረ፤ ምክንያቱም በዚያ ሥራ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ጥላ ማንበብ ነው፣ ቁጥቋጦውን ከሣሩ፣ ጎጆውን ከአውድማው የሚለዩት በጥላው ነው፤ የተነጠፈ ነገር ጥላ የለውም፣ የቆመ ነገር ግን አለው። እንግዲህ ለብሰውት ቆመዋል ማለት ነው አለች። ከዚያ የግራሩን ጥላ አየች፣ የነጩን ነጥብ ጥላ አየች፣ መለኪያውን ከፍታ ሁለቱንም ለካቻቸው። እኩል ናቸው።

«ላቀው፣ ና እስቲ ይችን እያት።»

ላቀው በወንበሩ እየተንከባለለ መጥቶ አጎነበሰ። «ምስሉ ተበላሽቶ ነው። ወይ ዓይንሽ ነው፤ የኔም እንደዚሁ ሁለት ሁለት እያየ ነው። ሂጂ ውኃ ጠጪ» አላት። በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ፣ ኮምፒውተሮቹ ጸጥ አሉ፣ በጨለማው ውስጥ ከወንበሮቹ ላይ የረጠበ ጨርቅ ሽታ ከወትሮው በረታባት። ክረምቱ ከወጣ ሳምንታት እንዳለፉና በዚያ ቀን ማንም ካፖርት ይዞ እንዳልመጣ ያሰበችው ቆይታ ነው።

ሦስተኛው ሐሙስ ላይ ግቢው ባዶ ነው፣ ገደሉ አፍም ባዶ ነው። የሻረግ ምስሉን እየጎተተች ወንዙን ወረደች፣ ወጣች፣ የእግር መንገዱን ተከተለች። ወደ ዞኑ ከተማ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር፣ ከአምባ ጥድ አንድ ቀን ሙሉ በሚያስኬድ ርቀት ላይ፣ ነጩን ነጥብ አገኘችው። ጥላው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ተኝቷል። የሰባ አራት ዓመት አሮጊት!

«አየሽኝ?» አለ ስልኩ።

«እምዬ! ወደኔ እየመጣሽ ነው እንዴ? ብቻሽን? በእግርሽ?»

«ወደ አንቺ እየመጣሁ ነው።»

«የት ነሽ አሁን? ማን ጋ አደርሽ?»

«ቤትሽን ንገሪኝ።»

የሻረግ ዕንባዋ ቀደማት። ሦስት ዓመት ሳትሄድ፣ እናቷን እንደ ማሳ ቁልቁል ስታያት ኖራ፣ ይኸው አሮጊቷ በእግሯ ልትፈልጋት ተነሳች። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር ነው። እኔ ሥራ ላይ ከሆንኩ ቁልፉ ከተሰነጠቀው እንስራ ሥር አለ። ግን ባለሽበት ቁሚ፣ እመጣለሁ፣ ሰማሽኝ?» አለች። መልሱ ያ የልብስ መራገብ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ተቋረጠ።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቃዋን አልለመነችም፤ «ሄጃለሁ» ብላው ወጣች። ላቀውን ግን በሩ ላይ ይዛ «ምናልባት ብንተላለፍ፣ እናቴ እኔ ቤት ከደረሰች እያት እባክህ» አለችው። በማግሥቱ አውቶቡሱ ውስጥ መስታወቱ ላይ ግንባሯን ደግፋ፣ ነጭ የለበሰ ሁሉ ባለፈ ቁጥር ከመቀመጫዋ እየተነሳች ቀኑን ጨረሰችው። እናቷን አላገኘችም። ከመጨረሻው ፌርማታ አጠገብ አንድ ሰው ቤት አድራ፣ ንጋት ላይ ወደ አምባ ጥድ መራመድ ጀመረች፤ እዚያ ጎረቤት ሳይነግረኝ አይቀርም በሚል ተስፋ ነው። አፋፉ ላይ ስትወጣ ፀሐዩ ከራስ አልፎ ነበር።

ወይዘሮ አንጓች ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር።

በትከሻቸው ላይ ያረጀ ብርድ ልብስ ጣል አድርገዋል። ልጃቸውን ሲያዩ ባቄላው ከጭናቸው ተበተነ። «ሻረጌ? ሻረጌ ነሽ?» እያሉ አገላብጠው ሳሟት፣ ከዚያ በቡጢ ደረቷን መቱ መቱ አደረጓት። «ሳምንታት ሙሉ! ትሙት ትኑር አይታወቅ! እንዲህ ይደረጋል?»

«እምዬ… ሐሙስ ዕለት ተነጋግረን የለም እንዴ? መንገድ ላይ ሆነሽ?»

«በምን ስልክ ነው የምንነጋገረው? አላልኩሽም ልብስ ውጭ አይደርም? አንቺ ይደር ባልሽኝ በዚያች ሌሊት አይደለም እንዴ፣ ስልኩም ከነቋጠሮው እዚያው ረስቼው፣ ጠዋት ብወጣ ሦስቱ ድንጋይ ብቻ ቁጭ ብለዋል!» አሉና በጣታቸው አሳዩዋት።

ሦስቱ ድንጋዮች እንደተባለው በየጥጋቸው ነበሩ፤ አልተነኩም፣ አልተንከባለሉም። የሻረግ ወደ ጠፍጣፋው ድንጋይ ሄደች እንጂ እንዴት እንደሄደች አታውቅም፤ በደረቅ ቀን ድንጋዩ የረጠበ ጨርቅ ይሸታል። ገና ስትወጣበት ስልኳ ኔትወርክ ያዘና በእጇ ላይ ጮኸ። ላቀው ነው።

«የሺ! የት ጠፋሽ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስሞክር! እናትሽ ደርሰዋል እኮ። ዛሬ ማለዳ ወደ ቢሮ ስሄድ ጎራ ብል በሩ ተከፍቶ አገኘኋቸው። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ጨለማው ውስጥ ቆመዋል። እንዴት ያሉ ረጅም ናቸው በናትሽ! አንቺ በማን ወጣሽ?»

«ምን አልካቸው?» አለች።

«የት ሄደች አሉኝ። እርስዎን ልትፈልግ አገር ቤት ወርዳለች አልኳቸው። ምነው እንዲህ ስትተላለፉ አልኩ በሆዴ።»

«እሳቸውስ?»

«እንግዲያ ልመለስ አሉና ወጡ። ቁርስ እንኳ አልቀመሱም። ተከትዬ ብወጣ መንገዱ ላይ የሉም፤ አይ የድሮ ሰው፣ ሲፈጥኑ!»

ስልኩን ዘጋችው። እናቷ ከኋላዋ መጥተው አጠገቧ ቆሙ፣ ደስታቸው ቁጣቸውን አሸንፎት እጇን ያዙ፣ «ማነው ልጄ? ምን ሆንሽ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ» አሉ። የሻረግ የእናቷን እጅ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ወደ ቤት ልትጎትታቸው ስትል ስልኩ እንደገና ጠራ፤ መስታወቱ ላይ «እምዬ» ይላል። ላለማንሳት ፈልጋ ነበር፣ ጣቷ ግን በልማድ ነካው። ነፋስ የለም፣ ቅጠል አይነቃነቅም፤ ያ የልብስ መራገብ ግን ከስልኩም ውስጥ ከገደሉም በኩል ባንድ ጊዜ ይሰማል፣ ከዚያ ቆመ፣ ድምፁም እንደ ሌላው ጊዜ ሳይጠይቃት በእርጋታ፣ «አየሁሽ» አላት።