የፎቶ አንሺው ቤት በፕሪንስዳል

መሠረት አባቷን ደግፋ ከመኪናው ስታወርድ ፊሊፕ ያለ ኮት እየሮጠ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«መንግስተኣብ ሞቷል» አላት። «ታች፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ። ፖሊሶቹ ውሃ መስሎት የእኔን ኬሚካል ጠጣ ነው የሚሉት። አንቺ እኮ ፖሊስ ነበርሽ፤ እባክሽ ግቢና እዪው።»

መሠረት በኦስሎ ፖሊስ የግድያ መርማሪ ሆና ዕድሜዋን ጨርሳ ጡረታ ወጥታለች። ወደዚህ ቤት የምትመጣው ለአባቷ ስትል ብቻ ነበር። አቶ ራጉኤል ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሊንደበርግ ባለው ቤታቸው ቃል አይተነፍሱም። ዓርብ ዓርብ እዚህ ከሽማግሌዎቹ ጋር ካርታ ሲጫወቱ ግን ይከራከራሉ፣ ይሳደባሉ፣ አንዳንዴም ይስቃሉ። ሐኪሞቹ ያቃታቸውን ይህ አሮጌ የእንጨት ቤት ችሎታል።

ቤቱ የጊዮርግ ሃልም ነበር። ሃልም ኦስሎ ገና ክርስቲያኒያ በምትባልበት ዘመን በጎረምሳነቱ ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ የፎቶ ሣጥኑን ተሸክሞ እየዞረ ገረዶችንና ዓሣ ሻጮችን በዘመኑ ወግ ከወረቀት ይልቅ በቆርቆሮ ላይ ሲያነሳ ኖረ። በስተርጅና የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነና ለድሆች ሰፈር የቧንቧ ውሃ እስኪገባ ድረስ ሹማምንቱን እንቅልፍ ነሳቸው። ከየት አገር እንደመጣ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። ካቻምና አራቱ የቤቱ ጠባቂዎች፣ መንግስተኣብ፣ ኪሮስ፣ ኣስካሉና ፊሊፕ፣ ጣሪያ ሥር ሲያጸዱ አንድ የቆርቆሮ ፎቶ ተገኘ፤ ሃልም ነው የተባለው የፎቶው ሰው ጥርት ያለ ሐበሻ ነው። ቤቱን ሊሸጥ የተሰናዳው ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ በስልክ የተላከለትን ምስል አይቶ ሐሳቡን ቀየረ፤ የመጀመሪያው አፍሪካዊ የምክር ቤት አባል ቤት ነው ብሎ ለስደተኛ ሽማግሌዎች ማረፊያ አደረገው። ያ ቆርቆሮ ባይኖር ቤቱም እንደማይኖር ሁሉም ያውቃል።

ከአራቱ ጠባቂዎች አንዱ አሁን ምድር ቤት ወለል ላይ ተዘርግተዋል። መንግስተኣብ አስመራ ውስጥ ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ የሃልምን የሕይወት ታሪክ ሲጽፉ የሰነበቱ ሰው ናቸው። በሩ ላይ የቆመችው ኤማ፣ ቀድሞ የመሠረት ረዳት የነበረች መርማሪ፣ መንገድ ለቀቀችላት።

«አደጋ ነው» አለች ኤማ። «ዛሬ ጠዋት ጨለማ ውስጥ ብርጭቆ ተሳሳተ።»

መሠረት ጎንበስ ብላ ሬሳውን አየች። የሽማግሌው ራስ ባዶ ነበር። የሱፍ ኮፍያቸው በሥርዓት ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ከግድግዳ የወረደው የሃልም ቆርቆሮ ከማጉያ መነጽር ጋር አለ። በፎቶው ላይ ያለው ሰው ኮቱን ልክ እንደ አባቷ ግራውን በቀኙ ላይ ደርቦ ቆልፏል።

«መርዙን ማን ማግኘት ይችል ነበር?» ስትል ፊሊፕን ጠየቀችው። ፊሊፕ እዚያው ክፍል ውስጥ የድሮውን የቆርቆሮ ፎቶ አሠራር የሚያስተምር፣ ኦስሎ የተወለደና አማርኛውን ከኖርዌይኛ የሚቀላቅል ወጣት ነው።

«አራታችንም። ቁልፉ ወጥ ቤት ተሰቅሏል። የፎቶ ማጠቢያው ፈሳሽ ሳያናይድ አለበት፣ እንደ ድሮው። ሁሉንም አስጠንቅቄያለሁ፤ ያ፣ አዎ፣ መቶ ጊዜ!»

መሠረት ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የተማሪ ሥራዎች ተመለከተች፤ በአንዱ ቆርቆሮ ላይ ኪሮስ አሉ። «ጋሼ ኪሮስ ሰዓታቸውን በቀኝ እጃቸው ነው የሚያስሩት?»

«ናይ፣ በግራ ነው። ቆርቆሮ እኮ እንደ መስታወት ይገለብጣል። መጀመሪያ የማስተምረው እሱን ነው።»

ፎቅ ላይ ኪሮስ ካርታውን ይበውዛሉ እንጂ አያድሉም። ከሟቹ ጋር ከአስመራ ጀምሮ የማይለያዩ ጓደኛሞች ነበሩ።

«ውሃ ተሳስቶ ጠጣ ይላሉ ጋሼ።»

«ውሸት!» አሉ ኪሮስ። «ዛሬ ዓርብ ነው። መንግስተኣብ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውሃ በአፉ አይዞርም። እኔ ጴንጤው ፊቱ ስበላ እየሰደበኝ ምራቁን ይውጣል እንጂ።»

«ኮፍያቸውንስ ያወልቁ ነበር?»

«ለጸሎት ካልሆነ? የኮሙኑ ሹም ሲመጣ እንኳ አላወለቀም፤ በረደኝ ብሎ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሰኞ ኮሙኑ ዘንድ የምናገረው አለኝ ብሎኝ ነበር። ምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ሄደ።»

ወጥ ቤት ኣስካሉ እያለቀሱ ዳቦ ይቆርሳሉ። የቤቱ ኃላፊ እሳቸው ናቸው፤ የታመመ የሚጠይቁ፣ የቀረ ሰው ካለ ሆልምሊያ ሰፈር ድረስ ሄደው በር የሚያንኳኩ።

«ሽማግሌዎቹ እኮ ከነረኃባቸው ተቀምጠዋል፣ ልጄ» አሉ። «አባትሽ ዛሬ ምን ይሆናሉ? እህቴ ከአገር ቤት ጸበል አምጥታልኛለች፤ ለእሳቸው እሰጥሻለሁ። ቁርስ ሳይቀምሱ ነው፣ እሺ?»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለች መሠረት። ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞረች። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ኤማ አደጋ ብላ ፋይሉን ትዘጋለች፤ አባቷም በሚመጣው ዓርብ ካርታቸውን ይጫወታሉ።

ከዚያ ሁሉንም በካርታው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። አቶ ራጉኤልም እዚያው ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

«በዚህ ቆርቆሮ እንጀምር» አለችና ፎቶውን መሐል ላይ አኖረችው። «የድሮ ቆርቆሮ ሁሉን ይገለብጣል። የዚህ ሰው ኮት ግን አልተገለበጠም፤ እንደ ማንኛውም ወንድ ኮት በትክክል ተቆልፏል። ስለዚህ የሃልም ዘመን ሥራ አይደለም። ለስጦታ ፎቶ በብረት ላይ የሚያትም ሱቅ የሠራው ነው። አቶ መንግስተኣብ የፎቶ ሰው ናቸውና ደረሱበት፤ ሰኞ ሊናገሩ የነበረውም ይህንኑ ነው።»

ፊሊፕ ብድግ አለ። «እኔ አይደለሁም!»

«አይደለህም። አንተ ብትሠራው ኖሮ አስቀድመህ ትገለብጠው ነበር። የሠራው ሰው ሙያውን አያውቅም።»

ኪሮስ አንገታቸውን ደፉ።

«አሁን ወደ ሞታቸው እንሂድ» ስትል ቀጠለች። «ጾመኛ ሰው ከጾሙ ሰዓት በፊት ምን ይጠጣል? አንድ ነገር ብቻ፤ ጸበል። ኮፍያቸውን ያወለቁት ለዚያ ነው። አማትበው፣ ምን ምን ይላል ሳይሉ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ጋሼ ኪሮስ፣ ከእርስዎ እጅ ጸበል ይቀበሉ ነበር?»

«ከእኔ? ይስቅብኝ ነበር።»

«ከፊሊፕም አይቀበሉም። የሚቀበሉት አብሯቸው ከሚያስቀድስ፣ ጸበል ከመጣለት ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ኣስካሉ ዞሩ። ኣስካሉ ግን የሚያዩት ቆርቆሮውን ነበር።

«የሰጠሁት ጸበል አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ጸበሉን ለይቼ አስቀምጬዋለሁ። መርዙን በተራ ውሃ ነው የቀላቀልኩት። እንደዚያ ያለ ኃጢአት አልሠራም።»

መሠረት ቆርቆሮውን ወደ ኣስካሉ ገፋ አደረገችው።

«የማን ፊት ነው፣ እትዬ?»

«የወንድሜ። አስመራ ተማሪ ሳለ ለቲያትር የለበሰው ኮት ነው። በረሃ ወጥቶ ቀረ፤ መቃብር እንኳ የለውም።» እጃቸውን ዘርግተው የቆርቆሮውን ጠርዝ ነኩት። «መንግስተኣብን ለምኜዋለሁ፣ መሲ። እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜዋለሁ። ሃልም ጀርመናዊ ነው፣ እውነቱ ይወጣል አለኝ። ለጀርመናዊ ፎቶ አንሺ ቤት ማን ያቆማል? ስንት ሽማግሌ ቤቱ ብቻውን ሞቶ ጎረቤት ከሽታው እንዳወቀ ታውቂያለሽ? አንድ ሰው ወይስ ይህ ሁሉ ሰው? ብዬ አሰብኩ።»

«ሃልም እኮ ስደተኛ ነበር» አለች መሠረት፤ ድምጿ ተሰበረ። «እንግዳ ሆኖ መጥቶ ለሰው አገር ድሃ ውሃ አስገባ። ያ ይበቃ ነበር።»

«ለእኛ ይበቃል» አሉ ኣስካሉ። «ለእነሱ አይበቃም።»

ትክክል መሆናቸውን መሠረትም ታውቃለች።

ኤማ ኣስካሉን ይዛ ስትወጣ ኪሮስ የመሠረትን ክንድ ያዙ። «ገዳይዋን ያዝሽ፣ ደግ አደረግሽ። የቆርቆሮውን ነገር ግን መናገር ነበረብሽ?»

«ያለ እሱ ለግድያው ምክንያት የለም፣ ጋሼ። ፍርድ ቤት ይጠይቃል።»

«አዎ» አሉ ኪሮስ። ክንዷን ለቀቁና ካርታዎቹን መሰብሰብ ጀመሩ።

ኮሙኑ ቤቱን ለመሸጥ ጊዜ አልፈጀበትም። ገዢዎቹ የሃልምን ስም ከበሩ ላይ ነቀሉት። መንግስተኣብ የጀመሩትን የሕይወት ታሪክ የሚጨርሰው አልተገኘም፤ ከሽማግሌዎቹም ገሚሶቹ ስልክ ማንሳት አቆሙ።

ቤቱ በተዘጋ በመጀመሪያው ዓርብ መሠረት ሊንደበርግ ስትደርስ አቶ ራጉኤል ታጥበውና ተላጭተው፣ ክራቫት አስረው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ተንበርክካ ወደ ፕሪንስዳል የማይሄዱበትን ምክንያት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳቻቸው። እሳቸው በትዕግሥት አዳመጧት። ስትጨርስ ክራቫታቸውን ፈተው ሰጧት። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማችም።