ሳይሰሙት የቀረው መጨረሻ

ወይዘሮ መዓዛ ሞተው የተገኙት ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ባለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ነበር። ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ጋቢ እስከ ደረታቸው ለብሰዋል፤ እጃቸው ላይ አንድ መጽሐፍ ተከፍቶ ነበር። ልጃቸው ናሆም የተኙ መስሎት ሁለቴ ጠራቸው። በዚያ ጠዋት ጠቅልለው አዲስ አበባ እሱ ዘንድ ሊገቡ ሻንጣቸው ተዘጋጅቶ ነበር።

ሐኪሙ ከልብ መድኃኒታቸው ጋር የወሰዱት ከባድ የእንቅልፍ መድኃኒት እንደገደላቸው ተናገረ። እንዲህ ያለ መድኃኒት ታዞላቸው አያውቅም።

ኢንስፔክተር ታቢታ መጀመሪያ ያነሳችው መጽሐፉን ነው።

«እናትህ ማንበብ ይወዱ ነበር?»

«በጣም! የዚህችን ደራሲ የፍቅር ልቦለድ አንድም አላመለጣትም። ይሄ በዚህ ሳምንት ነው የወጣው። ትናንት አመሻሽ ላይ ከአዲስ አበባ ስደርስ ሰጠኋትና ቱላ ያሉ ጓደኞቼ ጋ ሄጄ አደርኩ።» ናሆም ዓይኑን ጠረገ። «ለነገሩ ከዓምና ጀምሮ ዓይኗ ፊደል አይለይም። ደስ ይበላት ብዬ ነው።»

ታቢታ መጽሐፉን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየው ማቴዎስ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ቤቱ ሊሸጥ ስለሆነ ልቀቅ ተብሏል።

«ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም» አለ። «ማታ ስገባ የምታነብ ሴት ድምፅ ከሳሎን ሰማሁ። ሬዲዮ መሰለኝ።»

የአጥር ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሙሉ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ታቢታ ስትገባ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ በርቷል። ጠረጴዛው ላይ መነጽር፣ አንድ ብርጭቆና የእንቅልፍ ክኒን አለ።

«ምሳ አብረን በላን። ከዚያ ራሴን አሞኝ ተኛሁ፤ ዳግም አላየኋትም» አሉ።

«መጽሐፍ ያነቡላቸው እርስዎ ነበሩ?»

«ዓይኗ ከደከመ ጀምሮ።» ሙሉ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ሰርጉ ላይ ስንደርስ ታለቅሳለች። ደራሲዋ ፍቅረኞቹን ሳትድር ጨርሳ አታውቅም ነበር። በዚህኛው ግን ጨከነች።»

ታቢታ ከቤቱ ወጣች። ሐይቁ ዳር ተቀምጣ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አነበበች። የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ አልቸኮለችም። በመጨረሻው ገጽ ባለታሪኳ ልጅ ፍቅረኛዋን መናኸሪያ ሸኝታ ብቻዋን ትቀራለች።

በማግስቱ ሦስቱንም በሟቿ ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ፊደል የማይለዩ ሰው ብቻቸውን መጽሐፍ ይዘው አያመሹም» አለች። «ያነበበላቸው ሰው ነበር፤ ማቴዎስ የሰማው ድምፅ የዚያ ሰው ነው። ድምፁ የሴት ነው፤ ናሆም ደግሞ ቱላ ማደሩን ጓደኞቹ አረጋግጠዋል።» ወደ ሙሉ ዞረች። «እትዬ ሙሉ፣ ከምሳ በኋላ አላየኋትም አሉኝ። መጽሐፉ የመጣው ግን አመሻሽ ላይ ነው፤ ሐዋሳ ያሉ መደብሮችም ገና አልደረሳቸውም። ደራሲዋ መጨከኗን ከየት አወቁ?»

ሙሉ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«በግምት ነው እንዳይሉኝ፣ የቀድሞዎቹን ያነበበ ሰው ሰርግ ነበር የሚገምተው። ክኒኑም እርስዎ ቤት አለ።»

«እንድትሞት አልፈለግሁም!» ሙሉ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ጠዋት እንቅልፍ ጥሏት መንገዱ እንዲቀር ነው። ወተቷ ውስጥ ጨመርኩት፤ የልቧን መድኃኒት አላሰብኩም። ግማሹ ላይ ስንደርስ ተኛች። እኔ ማንበቤን አልተውኩም። ቤቴ ብገባ ማን አለኝ? ሊነጋ ሲል ስጨርስ ጋቢ አልብሼ፣ መጽሐፉን እጇ ላይ ትቼላት ወጣሁ።»

ናሆም ወደ ሙሉ ቀረበ። «አብሬያችሁ ልሂድ ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?»

ማቴዎስ አንገቱን ደፋ።

ፖሊሶቹ ከመውሰዳቸው በፊት ሙሉ ቤታቸውን እንዲዘጉ ተፈቀደላቸው። ቴሌቪዥኑን አጥፍተው በሩን ቆለፉና ቁልፉን እንደያዙ ግራ ቀኝ መንገዱን ተመለከቱ። ከዚያ ለታቢታ ዘረጉላት።

«አንቺው ያዥልኝ» አሉ። «የምሰጠው ሰው የለኝም።»