ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን

ለትምህርት ቤታችን መምህራን በሙሉ!

በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ በምሥራቁ መስኮት ሥር የምትገኘው፣ አንድ እግሯ ያጠረው የእንጨት ወንበር፣ ከዛሬ ጥቅምት 4 ቀን 2001 ዓ.ም. ጀምሮ በተራ የሚቀመጡባት እንጂ የማንም የግል ይዞታ አለመሆኗን፣ የትምህርት ቤቱ መሠረታዊ መምህራን ማኅበር ሰፊና ጥልቅ ውይይት ካካሄደ በኋላ የወሰነ መሆኑን በታላቅ አክብሮት ያስታውቃል።

ወንድምአገኝ፣ የማኅበሩ ተወካይ።

ይህን ማስታወቂያ አንብቦ የሚስቅ ሰው መንዝን አያውቃትም። ከጓሳ የሣር ተራራ ሥር በተሠራ ትምህርት ቤት፣ በጥቅምት ውርጭ፣ ጠዋት ፀሐይ የምታርፈው በዚያች ወንበር ላይ ብቻ ነው። ወንበሯ ደግሞ ለአሥራ አራት ዓመት የጋሽ መልከ ጼዴቅ ነበረች። ጋሽ መልከ ጼዴቅ ጂኦግራፊ ያስተምራሉ። ስለ ፀሐይ የሚያውቁትን ሁሉ የተማሩት እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው ይባላል።

ከዚያ ኮከብ መጣች።

አራት ዓመት መርሐቤቴ ቆላ ባዮሎጂ አስተምራ፣ ስስ የቆላ ሹራቧን እንደለበሰች ገባችና፣ ማንንም ሳትጠይቅ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

«የኔ ልጅ፣» አሉ ጋሽ መልከ ጼዴቅ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «ወንበሯ እኮ ባለቤት አላት።»

«ይቅርታ ጋሼ። ባለቤቷ ካርታ አላቸው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ መልከ ጼዴቅ ግን አልሳቁም፤ ቀጥ ብለው ወደ ተወካዩ ሄደው አቤት አሉ።

ተወካዩ ወንድምአገኝ የፊዚክስ መምህር ነው። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተመርጧል፤ ሦስቱንም ጊዜ ማንም አልተወዳደረውም፤ ሥራውን የሚፈልገው ሰው ስለሌለ። አንድ መምህር ያለ ማስጠንቀቂያ ከክፍል ሲታገድ፣ ወንድምአገኝ ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ወረዳ ይሄዳል፣ ኃላፊው በር ላይ ይቀመጣል፣ ኃላፊው ሲወጣ አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገራል፦

«ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን።»

ሌላ ቃል የለም። አይጮህም፣ አይለምንም። ነገር ግን በቃል ሲናገሩት የሚያምረው ምክንያት ወረቀት ላይ ሲያሰፍሩት ስለሚያሳፍር፣ የታገደው መምህር በሳምንቱ ጠመኔውን ይዞ ክፍሉ ይገባል። መምህራኑ ይኮሩበታል። ሲጠሩት እንኳ «የኛ ሰውዬ» ነው የሚሉት።

በወንበሯም ጉዳይ ሥርዓቱን ተከተለ። ሁለቱንም ወገኖች ምክንያታቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ጠየቀ። ጋሽ መልከ ጼዴቅ ከካርታ ጋር ሁለት ገጽ አቀረቡ። ኮከብ ደግሞ አንድ ቃል፦ «በረደኝ።»

ወንድምአገኝ ወረቀቷን አነበበ። ቀና ሲል እያየችው ነበር። እንደገና ወረቀቱን አነበበ፤ አንድ ቃል ለማንበብ የሚፈጀውን ጊዜ ሁሉ ጨረሰ። በስምንት ዓመት የማስተማር ዘመኑ ስብሰባ ላይ ቃል ሲጠፋው ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ተራ ወጣ። የወንድምአገኝ ተራ ማክሰኞ ሆነ። የሚገርመው ማክሰኞ በመጣ ቁጥር አስቸኳይ ጉዳይ ይገጥመዋል።

«ተራዬን ተቀመጪበት፤ እኔ ወረዳ ደርሼ ልምጣ» ይላታል።

«ወረዳው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው እንዴ የሚበድለን?»

«በዕቅድ ስለሚሠሩ ነው።»

ኮከብ በመስኮቱ ታየዋለች። ወረዳ አይሄድም። ከቤተ ሙከራው ኋላ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ይንጎራደዳል፤ ጊዜው ሲደርስ ደክሞት የመጣ መስሎ ይገባል። እሷም «ደከመህ?» ትለዋለች። በዚያች ቃል ሳምንቱን ሙሉ ይሞቀዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጓሳ ይወጣሉ። ሣሩ በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ እያሳያት፣ አባቶች ጓሳን እንዴት ዓመታት ዘግተው እንደሚያቆዩት፣ የሚከፈትበት ቀን ሲታወጅ ሁሉም እኩል ማጭዱን ይዞ እንዴት እንደሚወጣ ነገራት። አያቱ ከጠባቂዎቹ አንዱ ነበሩ። ይህን ሲናገር ደረቱ ትንሽ ተነፋ።

«አንተም እንደ ጓሳ ነህ» አለችው።

«እንዴት?»

«መቼ እንደምትከፈት የሚያውጅ ጠፋ።»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ነፋሱ ነፈሰ። አፉን ዘጋ።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ፣ ደብረ ብርሃን ብቻቸውን የሚኖሩት እናቷ ወይዘሮ ገበያነሽ ዓይናቸው እየደከመ ሄደ። ጎረቤት በስልክ «ትናንት የገዛ በራቸውን አጥተው ቆመው አገኘናቸው» አለቻት። ኮከብ በማግሥቱ የዝውውር ፎርም ሞላች። ደብረ ብርሃን የተገኘው ቦታ አንድ ነው። እሷ በስድስት ዓመት አገልግሎቷና በእናቷ የሐኪም ማስረጃ አንደኛ ትወጣለች።

በወረዳው የዝውውር ኮሚቴ ላይ የመምህራን ድምፅ ወንድምአገኝ ነው። የእሱ ፊርማ የሌለበት ዝርዝር አይጸድቅም። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ወዳጆ የተተየበውን ዝርዝር አቀረቡለት። ኮከብ ሦስተኛ ናት። አንደኛው ሁለት ዓመት ያገለገለ፣ የአቶ ወዳጆ የሚስት ወንድም ነው።

«ፈርም እንጂ፣ ወንዴ» አሉ አቶ ወዳጆ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጅቷ እዚሁ ትቀርልሃለች። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ የማላውቅ መሰለህ? ለአንተው ብዬ ነው።»

ወንድምአገኝ እስክሪብቶውን አነሣ። አንድ ፊርማ ብቻ ናት። ከፈረማት ማክሰኞ አለ፤ ቅዳሜ አለ፤ «ደከመህ?» የሚል ድምፅ አለ። ማንም አያውቅበትም። እሷም አታውቅም።

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆየ። ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን።»

«የምን ምክንያት?»

«ስድስት ዓመት ከሁለት ዓመት ያነሰበት ምክንያት።»

በዚያው ሳምንት ወንድምአገኝ ለግምገማ ተጠራ። የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ተገኘበት፤ የት እንደተገኘበት አልተገለጸም። ሐሙስ ከጠዋቱ ፈረቃ በኋላ ግን ሃያ ሦስት መምህራን ጋቢያቸውን ደርበው በዚያው የሦስት ሰዓት መንገድ ወረዳ ወረዱ። ከፊት የሚሄዱት ጋሽ መልከ ጼዴቅ ነበሩ። አንድም ሰው አልጮኸም። እያንዳንዱ ወረቀት ይዟል፤ ሁሉም ላይ የተጻፈው አንድ ነው፦ «ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን።» ጋሽ መልከ ጼዴቅ ብቻ እንደ ልማዳቸው ካርታ ጨምረውበታል።

ኃላፊው በመስኮት አይተው መጋረጃውን ዘጉ። በሰኞው ዝርዝሩ እንደገና ተተየበ፤ ኮከብ አንደኛ። ግምገማው የት እንደገባ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ኮከብ ደብዳቤዋን ይዛ ማረፊያ ክፍል ስትገባ ወንድምአገኝ ብቻውን ነበር።

«እንኳን ደስ አለሽ።»

«በጣም ታገልክልኝ አሉ።»

«መብትሽ ነው።»

«መብቴ!» ደብዳቤውን አጠፈችው። «የጋሽ መልከ ጼዴቅንም ወንበር ጉዳይ እንዲሁ ነው የያዝከው። በሥርዓት። አንድ ቀን እንኳ ‹ባትሄጂ› ማለት አቃተህ?»

ወንድምአገኝ የወንበሯን ያጠረ እግር አየ።

«ብትልም አልቀርም ነበር። እናቴን አልተውም። ግን ሰምቼ ብሄድ ምን ነበረበት?» ዓይኗ ውኃ ሞላ፤ ለማንም አላሳይም ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። «እንድሄድ ይህን ያህል የፈለግክበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጠኝ።»

ወጣች። ለሃያ ሦስት ሰው አፍ የሆነው ሰውዬ ለራሱ አፍ አጣ።

የጉዞዋ ቀን ጠዋት፣ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የሚወርደው አውቶብስ ሞተሩን እያሞቀ ሳለ፣ ወንድምአገኝ እየሮጠ መጥቶ በመስኮቱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አቀበላት። አላናገራትም። ወረቀቱ ማኅተም የለውም፤ የማኅበሩን ማኅተም ለግል ጉዳይ የሚያውል ሰው አይደለም።

«ቃለ ጉባኤ። የተገኘ፦ ወንድምአገኝ። ሌላ ሰው አልተጠራም። አጀንዳ፦ ኮከብ።

ውይይት፦ ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ማክሰኞ ማክሰኞ አያት ነበር። እናቷ ግን በራቸውን አጥተው ይቆማሉ። ዓይኗን ሳይ ዓይኔን የምሰብር ሰው ሆኜ አጠገቧ ከምቀመጥ፣ ቀና ብዬ ከሩቅ ላስባት መረጥኩ። በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ ሌሊቱን አልተኛሁም።

ውሳኔ፦ እወዳታለሁ። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ግልባጭ የለውም።»

አውቶብሱ ተነሣ። ወንድምአገኝ አቧራው ውስጥ ቆሞ ቀረ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ባለው መታጠፊያ ላይ አውቶብሱ ሲደርስ ግን አንድ ራስ በመስኮት ብቅ አለ፤ ነጠላዋ በነፋሱ ይውለበለባል፤ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ ጮኸች፦

«አንተ ጅል! አንተስ ፎርም አትሞላም?»

በቀጣዩ ዓመት ሰኔ፣ ዝውውር ኮሚቴው ተሰበሰበ። በመምህራን ወንበር የተቀመጡት አዲሱ ተወካይ ጋሽ መልከ ጼዴቅ ናቸው። ወንድምአገኝ የራሴን ጉዳይ ራሴ አላይም ብሎ ውክልናውን አስረክቧል፤ አመልካች ሆኖ በር አጠገብ ቆሟል። ምክንያቱማ በጽሑፍ ከተሰጠ ዓመት ሞልቶታል፤ ደብረ ብርሃን፣ በወይዘሮ ገበያነሽ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ልጃቸው እየደጋገመች ስላነበበችላቸው፣ ሴትዮዋ ከነአጀንዳው በቃላቸው ይዘውታል።

«ነጥቡ ከወረዳው አንደኛ ነው» አሉ ጋሽ መልከ ጼዴቅ፣ በኩራት ጉሮሯቸውን ጠርገው።

አቶ ወዳጆ ፎርሙን አገላበጡ። ፊታቸው በራ።

«አሥር ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አልልም ያለ ሰው፣ አሁን ደብረ ብርሃን? ‹ምክንያት› የሚለውንም ባዶ ትተኸዋል።» ወደ ኋላ ተለጥጠው እያንዳንዷን ቃል አጣጣሟት። «ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን!»

«አልሰጥም» አለ ወንድምአገኝ።

«በቃልስ?»

«በቃልም አላብራራም፤ ለሚመለከታት በጽሑፍ ሰጥቻለሁ።»