የነፋስ መለኪያው ጠባቂ

የተክለጻድቅ ሬሳ የተገኘው ጓሳ ከሚባለው የሣር ሜዳ በታች፣ ጎርፍ በቦረቦረው ፈፋ ውስጥ ነው። ጭንቅላቱ በድንጋይ ተፈንክቷል። ከመሐል ሜዳ ከተማ በፈረስ የመጣችው ኢንስፔክተር አማከለች ግን ቁስሉን አንዴ አይታ፣ ደም አለማፍሰሱን ልብ ብላ፣ ወደ እግሩ ሄደች።

ቀኝ እግሩ ጭቃ የያዘ የላስቲክ ጫማ አድርጓል። ግራው ባዶ ነው፤ ውስጥ እግሩ ግን ንጹሕ ነው። ቀና ብላ ሸሚዙን ገለጥ አደረገች። ደረቱ ላይ የጥፍር ያህል ቦታ ተቃጥሏል። አንገቱ ላይ ማተብ የለም።

«ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ» አለ የሟች ታናሽ ወንድም ወልደ አማኑኤል። «ማታ ሳይመጣ ቢቀር ጎህ ሲቀድ ፍለጋ ወጣሁ።»

«ማተብ አያስርም ነበር?»

«ያስራል እንጂ። የገደሉት ወስደውት ይሆናል።»

«ክር ምን ያደርግላቸዋል?»

ወልደ አማኑኤል አንገቱን ደፋ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ አለች አማከለች በልቧ።

አገሬው ለመፍረድ ከፖሊስ ይፈጥናል፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ጠዋቱን ተወስኗል። የሟች ጎረቤት ጫኔ በሚሊሻ ተይዞ፣ እጁ በጠፍር ታስሮ ተቀምጧል። ተክለጻድቅ በጎቹን እንዳይጋጥ በተከለለው ጓሳ አስገብቷል ብሎ የከሰሰው እሱ ነበር። ተክለጻድቅም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቆሞ «አላስገባሁም» ብሎ ማለ። ያኔ ጫኔ ሰው ሁሉ እየሰማ «በሐሰት ከማልክ ከሰማይ ይውረድብህ» አለው።

«ረግመኸዋል?» አለችው አማከለች።

«ረግሜዋለሁ። የረገመ ሰው እኮ ይጠብቃል እንጂ ድንጋይ አያነሣም፣ እመቤቴ።»

መልሱ ደስ አሰኛት፤ ግን አላስፈታችውም።

ከቀብር በኋላ ወደ ምሰሶው ወጣች። አንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ የጓሳውን ነፋስ ሊለካ የተከለው ረጅም የብረት ምሰሶ ነው፤ ተክለጻድቅ ይጠብቀው ነበር። አጠገቡ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ዓመት የተግባር ልምምድ ወደ ኩባንያው የላከው የፊዚክስ ተማሪ አትናቴዎስ ይኖራል። የሚመረቀው መሐንዲሱ መልካም ከመሰከረለት ብቻ ነው።

«አገር ሁሉ ቀብር ወጥቶ አንተ ቀረህ» አለችው።

«ሥራ ነበረብኝ።»

«ትናንትስ?»

«መሐል ሜዳ ስልክ ልደውል ወርጄ ነበር። ስመለስ መሽቷል። ጋሼን ሳጣው ዝናቡ አባሮት ቤቱ ገባ አልኩ።»

ምሰሶው ላይ ወደታሰረው ሳጥን ጠጋ አለች። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት።

«ይኼ ለምን ቆመ?»

«ባትሪው አልቆ ነው።»

«ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦስ?»

«መብረቅ ሲመታ ኃይሉን ወደ መሬት እንዲያሰርግ ነው። መስከረም ላይ እንደመጣሁ ቀበርኩት።»

አማከለች ተንበርክካ ከአፈሩ ጓል አነሣች። ከሥሩ የተገለበጠው ሣር ገና አረንጓዴ ነው። ጓሉን ቦታው መልሳ ልብሷን አራገፈች። ተማሪው ቶሎ ብሎ ጓሉን በጫማው ጠቀጠቀው።

ስትመለስ የሟች ሚስት ኮከቤ ዘንድ ገባች። «ማን ገነዘው?»

«ወንድሙ። ብቻዬን ካልገነዝኩት ብሎ እኔን እንኳ አላስጠጋኝም» አለች ኮከቤ። «ማተቡ ላይ የነበረውን የብረት መስቀልም ማን እንደወሰደው አላወቅሁም።»

በማግሥቱ ሁሉንም ምሰሶው ሥር ሰበሰበቻቸው፤ ጎረቤትም ተከትሎ መጣ። መጀመሪያ ወደ ሚሊሻው ዞረች። «ጫኔን ፍታው። ተክለጻድቅን ሰው አልገደለውም።»

ጉርምርምታው እስኪበርድ ጠበቀች።

«ሬሳ አይደማም። ድንጋዩ ያረፈበት ከሞተ በኋላ ነው። ባዶ እግሩን ጭቃ አልነካውም፤ በዚያ ዝናብ ፈፋው ድረስ አልተራመደም፣ ሰው ተሸክሞታል። ማተቡ ላይ የብረት መስቀል ነበረ፤ እሱ ነው ደረቱን ያቃጠለው። የወሰደው ሰው መስቀሉ እንዳይመሰክር ፈርቷል። ጫኔ ቢሆን ግን አይደብቅም፤ እርግማኔ ደረሰ ብሎ አገር ይጠራ ነበር።»

«እጠራ ነበር» አለ ጫኔ ቀስ ብሎ። ማፈሩ ከድምፁ ይሰማል።

«የገደለው መብረቅ ነው። መብረቅ የመታውን አገሩ ምን ይለዋል፣ ወልደ አማኑኤል?»

ወልደ አማኑኤል ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ። «በሐሰት የማለ ይለዋል። ሴት ልጁ ታጭታለች፣ እመቤቴ። እዚህ ወድቆ አገኘሁት። መብረቅ በላው ከሚባል ሰው ገደለው ቢባል ይሻላል ብዬ... አፈርኩበት። በገዛ ወንድሜ ሞት አፈርኩ።»

«ድንጋዩስ?»

«እኔ ነኝ።»

አማከለች ወደ ተማሪው ዞረች።

«አንድ ጫማ ጎደለኝ። ወንድሙ ቢያየው አብሮ በወሰደው። መስከረም የተቀበረ ሣር ደግሞ እስከ ሚያዝያ አረንጓዴ አይቆይም። አምጣው፣ አትናቴዎስ።»

ተማሪው ቤቱ ገብቶ ከአልጋው ሥር አወጣው። ጫማው ለሁለት ተሰንጥቋል።

«መሬቱ ድንጋይ ሆኖ አቃተኝ» አለ። «ለመሐንዲሱ ግን ቀበርኩት አልኩት። ሽቦውን ጠቅልዬ ምሰሶው ሥር ተውኩት፤ ጋሼ ጆንያ ጣል አድርጎ ይቀመጥበት ጀመር። ደመና ሲመጣ ተነሣ ልለው ስንቴ አፌን ከፈትኩ። ታዲያ ለምን አልቀበርከውም ቢለኝስ ብዬ አፈርኩ። ትናንት ጠዋት የተሰነጠቀውን ጫማ ሳገኝ ገባኝ፤ እናንተ ስትቀብሩት፣ እኔ ሽቦውን ከሣሩ ሥር ቀበርኩ።»

«ጫኔ ታስሮ እያየህ?»

«ዝም አልኩ።»

ኮከቤ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «የገደለው መሐላው አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም፣ እማማ። መብረቅ ረጅም ብረት ይመታል። ሽቦው ተቀብሮ ቢሆን ይተርፍ ነበር ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንግዲያው እሑድ፣ እሱ የማለበት ቦታ ቆመህ ይህንኑ ትናገራለህ። እኔ ብናገር ሚስት ናት ይሉኛል።»

«እናገራለሁ።»

«ሁለታችሁም በሕግ ትጠየቃላችሁ» አለች አማከለች፤ ተማሪው ራሱን ነቀነቀ። ኮከቤ ግን ወደ ባሏ ወንድም ዞራ ነበር።

«ድንጋዩን ከማንሣትህ በፊት ዓይኑን ከድነህለታል?»

«ከድኜለታለሁ።»

«ደግ አደረግህ። አሁን ቤት እንሂድ። ልጆቹ አባታቸው ላይ የተደረገውን ከሰው ሳይሆን ካንተ አፍ ይስሙት።»

ወልደ አማኑኤል ወንድሙ ወድቆ የተገኘበት ቦታ ተቀምጦ ተነሣ ቢባል አልተነሣም። ብዙ ከጠበቁ በኋላ፣ ጠፍሩ ያቀላው እጅ ብብቱ ሥር ገብቶ ቀና አደረገው። ጫኔ ነበር።